ክብና ካሬ

አሁን «ወሬኛ ናት» እያላችሁ የምታሙኝ የሰፈሬ ሰዎች፣ ያኔ ብታዩኝ ኖሮ ታዝኑልኝ ነበር። እኔ ብርቱካን ይገዙ፣ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው እስከ አያቱ ድረስ ጠይቄ የምወርደው ሴትዮ፣ በሃያ አንድ ዓመቴ ድምፅ ይጠፋብኝ ነበር። የቆርቆሮ በራችን ሲንኳኳ ጉሮሮዬ ጥርቅም ይላል። አንዳንዴ ለአንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ለሦስት ቀን። አፌን ብከፍተው ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው።

ደግሞ በየትኛው ጊዜ! ሰባ ዓመተ ምህረት ነው። ኮልፌ ውስጥ በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ ሰው አልነበረም። አብዮት ጥበቃዎቹ ወጣት ያለበትን ቤት ለይተው ያውቁታል። ጠዋት ሰላም ያልነው ልጅ ከምሳ በኋላ የለም፤ እናቱም ጮክ ብላ አታለቅስም፤ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበራ።

እናቴ ዘመነች በር ሲንኳኳ የምታደርጋት አንዲት ነገር ነበረቻት። የያዘችውን ጥላ ትመጣና በቀኝ መዳፏ አፌን ትይዘዋለች። የሃያ አንድ ዓመት ሴት፣ ቁመቴ ከሷ የበለጠ፣ እንደ ሕፃን አፌን ተይዤ እቆማለሁ። የሚያንኳኳው ሰው ሰልችቶት እስኪሄድ ሁለታችንም አንተነፍስም። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ እንኳ ስንት ቀን እንዲህ ሆና ተመልሳለች! እማዬ በር አትከፍትም፤ ለምን እንደማትከፍትም አትናገርም። አባቴን ይገዙን «አራት ዓመትሽ ሳለ ወጥቶ ቀረ» ትለኛለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ከጠየቅኳት ተነስታ የታጠበ ዕቃ እንደገና ታጥባለች።

ጠበል ተጠመቅኩ፤ አልለቀቀኝም። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ድዳ የምትሆን ሰፊ ማን ይፈልጋል? በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዬ አዝናልኝ «ከጦር ኃይሎች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዶክተር አምሐ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የጭንቀት ሐኪም ናቸው። ክኒን ከመስጠታቸው በፊት ያስወሩሻል» አለችኝ። ድምፅ የሌላትን ሴት ሊያስወሩ! ሳቄ መጣ። ግን ሄድኩ።

ደሜ የሚባለውን ልጅ ያገኘሁት እዚያ፣ ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። በሽተኛው እሱ አይደለም፤ አባቱን አቶ ቀጄላን ይዞ ነው የመጣው። ታላቅ ልጃቸው ባለፈው ዓመት ከሥራ ሲመለስ ተወስዶ የት እንደደረሰ አልታወቀም፤ አባትየው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት ረዘም ያለ፣ ጣቶቹ ላይ የጫማ ማስቲሽ የደረቀበት ልጅ ብቻ ነው።

«ተራው የማን ነው?» አለኝ።

ጠዋት ቤታችን ተንኳኩቶ ስለነበር ድምፄ የለም።

«ኩራት ነው ወይስ የጥርስ ሕመም?»

ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን «እኔን!» ብሎ ከንፈሩን ይመጥልኛል፤ ወይ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። እሱ ግን ጠጋ አለና «ግድ የለም፤ እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ» አለ።

አወራ ደግሞ! ስለሚሠራበት ጫማ ቤት፣ ስለ አስኮ ጭቃ፣ ሁለት የግራ እግር ጫማ አንድ ካርቶን ውስጥ ስላሸገው ጓደኛው። አቶ ቀጄላ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እኔማ እየሳቅኩ እንደሆነ ያወቅኩት ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ነው፤ ሳቄም ድምፅ አልነበረውም። ነርሷ ስሜን ስትጠራ መነሳት አስጠላኝ።

«ብርቱካን» አለ ስሜን እንደ ከረሜላ እያላመጠ። «እንግዲህ የሚቀጥለው ማክሰኞ የማውራት ተራው ያንቺ ነው።»

ዶክተር አምሐ ክኒን አልሰጡኝም። በሚቀጥለው ማክሰኞ አንድ ትልቅ ነጭ ወረቀትና በአንድ ጫፉ ቀይ፣ በሌላው ጫፉ ሰማያዊ የሆነ እርሳስ አወጡ።

«ሴት ክብ ናት፤ ወንድ ካሬ ነው» አሉኝ። «አንቺን እዚህ ታች እናስቀምጥሽ። እናትሽን ከላይ። እሷን የወለደችውን ደግሞ ከሷ በላይ። የተጋቡትን በመስመር እናያይዛቸዋለን፤ በሞተው ላይ ይህችን ምልክት እናደርጋለን። በመጨረሻ ፍርሃቱ ከማን ወደ ማን እንደሄደ በቀይ እናሰምራለን።»

«ፍርሃት ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል እንዴ ዶክተር?» አልኳቸው፤ ያን ቀን ድምፅ ነበረኝ።

«ሕፃን ልጅ ቋንቋ የምትማረው የእናቷን አፍ እያየች አይደል? መደንገጥንም የምትማረው እንዲሁ ነው። ምኑ እንደሚያስፈራ ማንም ላይነግራት ይችላል፤ መፍራቱን ግን ትይዛለች።»

ማክሰኞ በማክሰኞ ሞላነው። ከላይ አያቴ ወለተጻድቅ። በጣሊያን ጊዜ፣ ሰላሌ፣ ወታደሮች ደጇ ላይ ቆመው «ባልሽ የት ነው?» ሲሏት አንደበቷ ተያዘ። ባሏን ከጎተራው ኋላ አግኝተው ወሰዱት፤ እሷ ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል አልወጣትም። ከሷ በታች እናቴ፣ በር የማትከፍት። ከእናቴ በታች እኔ፤ ባለፈው ዓመት የቤት ለቤት አሰሳ የተጀመረ ለታ ድምፄ የጠፋብኝ። ዶክተሩ ከክብ ወደ ክብ ቀይ መስመር አወረዱ። ከእናቴ ጎን ካሬ ሠርተው «ይገዙ አሰፋ» ብለው ጻፉ፤ አጠገቡ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

«ሦስት ሴቶች» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «ሦስቱም የሚታመሙት ደጅ ላይ ሰው ሲቆም ነው። አያትሽ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። እናትሽ ላይ የደረሰውን ግን አናውቅም። ይቺ የጥያቄ ምልክት መልስ እስካላገኘች ድረስ ወረቀቱ አላለቀም። ጠይቂያት።»

«አትናገርማ!»

«እንግዲያው አንቺ ቀድመሽ ተናገሪ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ወረቀቱን ቤት ማስገባት ፈራሁ፤ እማዬ ካየችው እሳት ውስጥ መግባቱ ነው። ደሜ «እኔ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። ያን ጊዜ እንግዲህ የምኖረው ለማክሰኞ ነበር። ሰኞ ቀን ፀጉሬን እሠራለሁ፤ እማዬ «ሐኪሙ ወጣት ነው እንዴ?» ትላለች። ከክሊኒኩ ስንወጣ አባቱን መሃል አድርገን እስከ ፌርማታው በእግር እንሄዳለን። መንገዱ አጭር ነው፤ እኛ ግን እናስረዝመው ነበር።

አንድ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ ወረቀቱን ዘርግቶ ብዙ አየው።

«እናንተ ዘር የምትቆጥሩት እንዲህ በሥዕል ነው?»

«ዘር ቆጠራ አይደለም፤ ሕክምና ነው።»

«እኛ ቤት በጣት ነው። ልጅ አፉን ሲፈታ አባቶቹን እስከ ሰባት ይማራል። እስቲ እጅሽን ስጪኝ።»

አውራ ጣቴን ያዘና አጠፈው። «ቀጄላ።» ጠቋሚዬን። «ባጫ።» የመሃሉን። «ዳባ። ጉተማ። ሰንበቶ።» አንድ እጄ አለቀ፤ ሁለተኛውን ወሰደ። «ዋቆ። ቱሉ። በይ፣ አሁን አንቺ።»

አቶ ቀጄላ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አላየሁም እያሉ ነው። ደሜ እጄን አልለቀቀም፤ እኔም አልቀማሁትም። ስሞቹን እያሳሳትኩ ሁለት አውቶቡስ አለፈን። እውነቱን ልናገርና፣ ሁለተኛውን አውቶቡስ ያሳለፍኩት ሆን ብዬ አሳስቼ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲንኳኳ፣ እማዬ አፌን ይዛኝ ስቆም፣ ከጀርባዬ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፍ ጀመር። ቀጄላ፣ ባጫ፣ ዳባ። ልቤ ትንሽ ይረጋልኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እዚያው ፌርማታ ላይ፣ ደሜ ከኪሱ እርሳስ አወጣ።

«ከዚች ክብ አጠገብ ባዶ ቦታ አለ» አለ፤ የኔን ክብ ማለቱ ነው። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ አንዲት ካሬ ሠራ። ውስጧ «ደሜ» ብሎ ጻፈ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«መስመሩስ?» አልኩት።

«መስመሩን የምታሰምሪው አንቺ ነሽ። ስትፈልጊ።»

እርሳሱን ሰጠኝ። እንዴት እንደፈለግኩ! ግን ፈራሁ። እኛ ቤት ወንድ ይወጣና ይቀራል። የአያቴ ወጥቶ ቀረ፣ የእናቴ ወጥቶ ቀረ። ይሄንን ካላያያዝኩት ምንም የማይነካው መሰለኝ። እርሳሱን መለስኩለት።

«ለሚቀጥለው ማክሰኞ» አልኩት።

«እኔ እጠብቃለሁ» አለ፤ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያቺን አንዲት መስመር ያን ቀን ባሰምራት ምን ነበረበት!

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። አባቱም አልመጡም። አግዳሚው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ዋልኩ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ በራችን ተንኳኳ። እማዬ መጥታ መዳፏን አፌ ላይ አደረገች። ቆምን።

«ብርቱካን! ጫልቱ ነኝ፣ የደሜ እህት! በእናትሽ ክፈቺልኝ!»

ልሄድ ስል እማዬ አጥብቃ ያዘችኝ፤ ጣቶቿ ጉንጬን አሳመሙኝ። ጫልቱ ጠበቀች፣ ጠበቀችና አፏን የቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ አድርጋ ነገረችን። ትናንት ፌርማታው ላይ ፍተሻ ነበር። አባትየውን ወደ ቤት መለሷቸው፤ ከደሜ ደረት ኪስ ግን ወረቀት ተገኘ። ክብ፣ ካሬ፣ ስም፣ ቀይ መስመር፣ የጥያቄ ምልክት። «ይሄ የድብቅ ድርጅት ሰንሰለት ነው» አሉት። «ክቡና ካሬው አባላቱ ናቸው፤ በቀዩ መስመር መልእክት ይተላለፋል።» ወረቀቱ የማነው ሲሉት ዝም አለ። እየመቱትም ዝም አለ። የወንድሙንም ስም መዝገባቸው ላይ አገኙት።

«ያለው እዚሁ እናንተ ቀበሌ ነው። ነገ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛ እናስተላልፈዋለን ብለዋል። ወደዚያ የሄደ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። ኮቴዋ ሲርቅ ሰማሁ።

እማዬ እጇን አነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስምሽ ወረቀቱ ላይ አለ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ወይኔ ልጄን! ስሚኝ። ቢመጡ አላውቀውም በይ። እሱ እንደሆነ አንዴ ገብቷል። አንቺ እንኳ ትረፊልኝ። ዝም በይ፤ እኔ ዝም ብዬ ነው ያሳደግኩሽ።»

ልመልስላት ፈለግኩ፤ ድምፅ ከየት ይምጣ? እኔን አሳልፎ ላለመስጠት እየተደበደበ ያለ ሰው አለ፣ እኔ ደግሞ ለመናገር ጉሮሮ የለኝም። ነጠላዬን አነሳሁና በሩን ከፍቼ ወጣሁ። የጎረቤቶቻችንን አጥር እየተደገፍኩ ነው የሄድኩት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር መሸሻ ይባላል። በፊት የዕድራችን ጸሐፊ ነበር፤ ቀብር ላይ የቀረን ሰው ስም እየጠራ የሚቀጣ። አሁን ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ አለ። ከሽጉጡ አጠገብ የኔ ወረቀት ተዘርግቷል።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ወረቀቱን አሳየሁት፤ ከዚያ ደረቴን።

«ያንቺ ነው?» ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይሄን ጉድ የሠራሽው አንቺ ነሽ? ተናገሪ! ምንድነው ይሄ?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም።

«ተናገሪ አልኩሽ!» ጠረጴዛውን በቡጢ ደበደበው። ልክ እንደ በራችን ጮኸ፤ ጉሮሮዬ ጭራሽ ተዘጋ።

እንዴት እንደደፈርኩ ዛሬም አላውቅም፤ ከፊቱ እርሳስ አነሳሁ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ጠመንጃውን አቀና። ወረቀቱ ላይ አጎነበስኩና ከኔ ክብ ተነስቼ እስከ ደሜ ካሬ ድረስ አንድ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ጠማማ ወጣ።

መሸሻ አየው። «ልትጋቡ ነው?» ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ የዘር ቆጠራ ነው ልትይኝ ነው?» አሁንም ነቀነቅኩ። ሕክምና ነው ብል የዶክተር አምሐን በር ያንኳኳሉ።

ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«እኔም የባላገር ልጅ ነኝ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ እንደሌለ አውቃለሁ። ቆጥራችሁ ከሆነ የሱን ታውቂያለሽ። በይ፣ እስከ ሰባት። አንዱን ከሳትሽ ከሱ ጋር አብረሽ ትሄጃለሽ።»

ሊጽፍ ተዘጋጀ። እኔ አውራ ጣቴን አጠፍኩ። ትንፋሽ። ጠቋሚዬን አጠፍኩ። ትንፋሽ ብቻ። ጠባቂው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ፌርማታውን አሰብኩ፤ የደሜን ጣቶች፣ የማስቲሹን ሽታ። የመሃል ጣቴን ሳጥፍ ሦስተኛው ስም ወጣ።

«ዳባ» አልኩ። ራሴን አስደነገጥኩት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «ቀጄላ። ባጫ። ዳባ። ጉተማ። ሰንበቶ። ዋቆ። ቱሉ።»

ጻፈው። ከዚያ «አምጡት» አለ።

ደሜን ከጓሮ አመጡት። ከንፈሩ አብጧል፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ጫማ የሚሠራው ልጅ ባዶ እግሩን ነበር።

«ይህችን ሴት ታውቃታለህ?»

አላየኝም። ግድግዳውን እያየ «አላውቃትም» አለ።

ሊያድነኝ ነው። ገባኝ። ግን መሸሻ እርሳሱን አስቀምጦ እጁን ወደ ሽጉጡ ሲሰድ አየሁ። ውሸታም የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንም መጥፋታችን ነው።

«ያውቀኛል!» ብዬ ጮህኩ። «ውሸቱን ነው፣ ያውቀኛል! ይወደኛል፣ እኔም እወደዋለሁ! ደሜ፣ አንተ ደደብ፣ ሰባት ቤትህን ቁጠርላቸው!»

ፍቅሬን የገለጽኩት እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በጠመንጃ ፊት፣ ደደብ ብዬ።

ደሜ ዞሮ አየኝ። ድምፄን በዚህ ጉልበት ሰምቶት አያውቅም። ፈገግ ሊል ሲሞክር ከንፈሩ ደማ፤ በደህናው ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ቆጠረ። መሸሻ የጻፈውን በእርሳሱ ጫፍ እየተከተለ አዳመጠ። ሰባቱም ገጠሙ።

«እሺ» አለ ለስለስ ብሎ። ተንፈስ ልል ስል ጣቱ ወረቀቱ ላይ ተንሸራቶ የጥያቄ ምልክቱ ጋ ቆመ። «ይሄስ? ይገዙ አሰፋ። የሞቱት ላይ ሁሉ ምልክት አለ። ይሄ ላይ ለምን የለም? የት ነው ያለው? ተደብቆ የሚመራችሁ እሱ ነው?»

«አባቴ ነው። ወጥቶ ቀረ።»

«የት ቀረ?»

«አላውቅም።»

«የገዛ አባትሽ የት እንደገባ አታውቂም?» ለጠባቂው ራሱን ነቀነቀለት። ጠባቂው ደሜን ክንዱን ይዞ ወደ ጓሮው በር ጎተተው። እኔ ድምፄ ተመልሶ ነበር፤ የምናገረው ግን አልነበረኝም። የማላውቀውን ከየት አምጥቼ?

«እኔ አውቃለሁ።»

ከኋላዬ ነው። እማዬ ናት። ነጠላ እንኳ አልለበሰችም፤ በቤት ውስጥ ሽርጧ፣ ባንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ ተከትላኝ መጥታለች። ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ማንበብ አትችልም።

«ይገዙ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

አሳየኋት። ካሬውን በጣቷ ነካችው።

«ክብር ዘበኛ ነበር» አለች፤ ለመሸሻ ሳይሆን ለወረቀቱ። «በሃምሳ ሦስት፣ ታኅሣሥ፣ ግርግሩ ያለቀ ለታ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ በሩን አንኳኳ። የወታደር ልብሱን አውልቋል። "ዘመነች፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ" አለ። መንገዱ ሁሉ ጦር ነው፤ ያስጠጋ ከነልጁ ያልቃል ይባላል። ይቺ ልጅ "አባዬ!" ብላ ልትሮጥ ስትል አፏን ያዝኩት። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። እኔ ከውስጥ ቆሜያለሁ፤ በእኔና በሱ መሃል ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ ትንፋሹን እሰማለሁ። አልከፈትኩለትም። ሄደ። ማዞሪያው ጋ ሳይደርስ ተኩሱን ሰማሁ።»

ጠባቂው የደሜን ክንድ እንደያዘ ቆሟል።

«ወጥቶ ቀረ እላታለሁ። አልወጣም፤ መጥቶ ነበር። ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ለሱ ሳልከፍት ለማን ልክፈት?» ቀና ብላ መሸሻን አየችው። «ሞቷል ብለህ ጻፍበት ጓድ ሊቀመንበር። መሪ አይደለም። ባሌ ነው።»

ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ውስጥ ምን እንደነበረ አወቅኩ። «አባዬ» የምትል ቃል ናት። በአራት ዓመቴ ተናግሬ ያልጨረስኳት። እናቴን ልጠላት የሚገባኝ መሰለኝ፤ አልቻልኩም። አቀፍኳት።

መሸሻ ሽጉጡን ሳይሆን ወረቀቱን አነሳ። አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ይሄ እዚህ ይቀራል። ልጁም እስኪጣራ ይቆያል» አለ፤ ዓይናችንን አያይም። «ወደ ከፍተኛ የሚለውን ለጊዜው እናዘገየዋለን። ሂዱ።»

ለጊዜው! በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥለን አሥራ አንድ ቀን ኖርን። በየቀኑ ምሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ ጠባቂው ሙሉውን ምሳ ዕቃ ተቀብሎ የትናንቱን ባዶውን ይሰጠኛል። ባዶ ምሳ ዕቃ እንዲህ ያስደስታል ብሎ ማን ይገምታል? በልቷል፣ በሕይወት አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ቆሎ ጨምሬለት ነበር፤ በማግስቱ ባዶው ዕቃ ውስጥ ሰባት የሽምብራ ፍሬ ተደርድሮ አገኘሁ። መንገድ ላይ ቆሜ ቆጠርኳቸው፤ አንድ በአንድ ስማቸውን እየጠራሁ በላኋቸው።

ቤት ውስጥ እማዬ ማውራት ጀመረች። አባቴ ሲስቅ አፍንጫውን ይይዝ እንደነበረ፣ እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ አስኮ መንገድ ይወስደኝ እንደነበረ። እያለቀሰች ታወራለች፤ እያለቀስኩ እሰማለሁ። በሩ ግን ሲንኳኳ አሁንም ሁለታችንም እንደርቃለን። ፍርሃት በአንድ ቀን ንግግር አይለቅማ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠባቂው ምሳ ዕቃዬን አልተቀበለኝም።

«እዚህ የለም» አለኝ።

«የት ሄደ?»

«እዚህ የለም አልኩሽ! ሂጂ፣ አትመላለሺ።»

ባዶውን ዕቃ አልመለሰልኝም። በዚያ ዘመን ምሳ ዕቃዋ ከነምግቡ የተመለሰባት ሴት ከዚያ በላይ የሚነግራት አትፈልግም። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም። እማዬ በእጄ የያዝኩትን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ መሬት ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወጡ ገና ይሞቅ ነበር። ጮኼ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤት ከሰማ ቀበሌ ይሰማል።

በሩ ተንኳኳ።

አንድ ጊዜ ነው። ቀስ ብሎ።

ሁለታችንም ብድግ አልን። አሁን ደግሞ እኛን ሊወስዱ ነው፤ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። የእማዬ መዳፍ ወደ አፌ መጣ፤ የሳሙና ሽታው ሸተተኝ። ከንፈሬ ጋ ሊደርስ ሲል አየር ላይ ቆመ። እማዬ የገዛ እጇን የሰው እጅ ይመስል አየችው። ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ዞራ ወደ በሩ ሄደች። «ማነው?» አላለችም። መቀርቀሪያውን ሳበችው፤ ቆርቆሮው እየጮኸ ተከፈተ።

ደጁ ላይ ደሜ ቆሟል። ባዶ እግሩን፣ ጢሙ አድጎ፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ በእጁ ይዞ።

«ደሜ!» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰፈር እስኪሰማ፣ ማንም አፌን ሳይዘኝ።

እማዬ በሁለት እጇ ክንዱን ያዘችው። ፊቱን ዳበሰችው።

«ግባ» አለችው። «ግባ፣ ይቅር በለኝ፣ ብዙ አስቆምኩህ።»

እሱ ያንኳኳው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።